ግድግዳው ወደቀ፣ ኃላፊው ተዛወረ፦ የአንድ የጎጃም ትምህርት ቤት ጉዳይ

ይህ በምሥራቅ ጎጃም፣ ከጮቄ ግርጌ ካሉ የገጠር ቀበሌዎች በአንዱ ያለ ትምህርት ቤት ጉዳይ ነው። የትምህርት ቤቱንም የቀበሌውንም የወረዳውንም ስም አልጠራም። ሰዎቹ እዚያው ናቸው፤ ጊዜውም ስም የሚያስጠራ አይደለም። እኔ የዚያው ቀበሌ ልጅ ነኝ፣ ኑሮዬ ደብረ ማርቆስ ነው። ከዳር ቆሜም አላየሁትም። ደብዳቤዎቹን ካረቀቁት አንዱ ስለሆንሁ ገለልተኛ ነኝ አልልም።

ለምን እንደምጽፈው ልንገራችሁ። የትምህርት ነገር በተነሳ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ወደ ተማሪውና ወደ መምህሩ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ተባለ፤ 1,161 ትምህርት ቤቶች ደግሞ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አገሩ ሁሉ ጉድ አለ። በቀጣዩ ዓመት ቁጥሩ 3.2 ሆነ። ልጁ ሰነፍ ነው፣ መምህሩ አይችልም፣ ስልክ ነው ያበላሸው፣ ኩረጃ ነው... ይሁን። ግን እነዚያ ልጆች 12ኛ ክፍል ከመድረሳቸው በፊት አንደኛ ክፍል ነበሩ፣ አንደኛ ክፍልንም የሆነ ቦታ ተቀምጠው ነው የተማሩት። ያን ቦታ የማዘጋጀት ሥራ የማን ነበር? ሥራውን ያልሠራውስ ምን ሆነ? ይቺን ጥያቄ በአንድ ትምህርት ቤት ላይ እስከ ጫፏ ተከትለናታል።

ድንጋይ የተጫነበት ቆርቆሮ

ትምህርት ቤቱ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያስተምራል። ሁለት ዓይነት ክፍል አለው። አንደኛው ብሎክ የድንጋይ መሠረት ያለው፣ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው። ሌላውን ሕዝቡ ራሱ ነው ያቆመው፦ የባሕር ዛፍ አጣና፣ ጭድ የገባበት የጭቃ ምርጊት፣ ላዩ ቆርቆሮ። ሲሠራ "ለጊዜው" ነበር የተባለው። ለጊዜው የተባለ ነገር በኛ አገር ምን ያህል እንደሚቆይ ታውቃላችሁ።

ግድግዳው ከወደቀበት ዓመት በፊት ብሎኩን ያየ ሰው አይረሳውም። ምርጊቱ ረግፎ ማገሩ ወጥቷል። ከውጭ ቆመህ በስንጥቁ ብታይ የልጆቹን ጆሮ ታያለህ። ቆርቆሮውን ነፋስ እንዳያነሳው ላዩ ላይ ድንጋይ ተደርድሮበታል፤ ያ ማለት ዘጠና የሚሆኑ ሕፃናት አናት ላይ ድንጋይ ተቀምጧል ማለት ነው። መስፈርቱ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው የሚለው። ወንበር የለም፣ ልጆቹ የሚቀመጡት በጭቃ መደብ ላይ ነው፤ በክረምት መግቢያ መደቡ ራሱ ይረጥባል። መጸዳጃ ቤቱ በእንጨት የተረበረበ ጉድጓድ ነበር። እንጨቱ መበስበሱን ሁሉም ያውቃል። ትልልቆቹ ሴቶች ልጆች አይገቡበትም፣ በዕረፍት ሰዓት ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ የሄደችው ደግሞ ሁሌ አትመለስም። ውኃ የለም።

በዚያ ብሎክ የሚማሩት እነማን መሰሏችሁ? ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉት። የድንጋዩ ብሎክ የትልልቆቹ ነው። ለምን ብዬ ርዕሰ መምህሩን ጠይቄው ነበር። ሳይደብቅ ነገረኝ፦ "እኔን የሚገመግሙኝ በ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ውጤት ነው። አንደኛ ክፍል ምን ሆነ ብሎ የጠየቀኝ የለም።" ሰውየው ክፉ አይደለም። እንዲያውም በዚህ ጉዳይ ውስጥ ካሉት ኃላፊዎች ሁሉ የተሻለው እሱ ነው። ግን አነጋገሩን ልብ በሉ፤ ተጠያቂነት የለም አይደለም ያለው፣ አለ፤ የሚጠየቅበት ነገር ግን ሌላ ነው። ሪፖርት የሚወጣበት ክፍል ከዝናብ ይጠለላል፣ ሪፖርት የማይወጣበት ድንጋይ ሥር ይቀመጣል።

አደጋው ደግሞ ያልታወቀ አልነበረም። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች በኢንስፔክሽን ማዕቀፍ ይመዘናሉ፤ 26 ስታንዳርዶች አሉ፣ ውጤቱ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይሰጣል፣ ከ3 በታች ያለው ከደረጃ በታች ነው። ይህ ትምህርት ቤት ደረጃ 1 ነበር። ኢንስፔክተሮቹ መጥተው አይተው፣ ብሎኩ ለተማሪዎች ደህንነት እንደሚያሰጋ በግልጽ ጽፈዋል። ሥራቸውን ሠርተዋል። ወረቀቱ አንዱ ርዕሰ መምህሩ ጋ፣ አንዱ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ተቀመጠ። ተቀመጠ ነው ያልሁት፣ በቃ።

ቅዳሜ ባይሆን

በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ። የብሎኩ የጀርባ ግድግዳ እንዳለ ወደ ውስጥ ወደቀ፣ ቆርቆሮውም ከነድንጋዩ ተከተለ። ሰው አልነበረም። ሰኞ ጠዋት ወላጆች አካፋ ይዘው መጥተው ጭቃውን ሲዝቁ ድንጋዮቹን ያገኟቸው መደቡ ላይ ነው፣ ልጆቹ የሚቀመጡበት ላይ። አንድ አባት አንዱን ድንጋይ አንስቶ ለርዕሰ መምህሩ ሰጠው። ምንም አላለውም፣ እንዲይዘው ብቻ።

ወረዳው ለዞን የላከው ሪፖርት "በተፈጥሮ አደጋ ምክንያት አንድ ብሎክ ጉዳት ደርሶበታል" ይላል። እዚህ ላይ ነው እኔ የተናደድሁ። ዝናብ በየዓመቱ ይዘንባል፤ የድንጋዩ ብሎክ ላይም ያው ዝናብ ነው የዘነበው። ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ ይባላል፤ ወረዳው ጥፋቱን ወደ ሰማይ ልኮ ከክሱ ነፃ ወጣ። የተፈጥሮ አደጋ ከሆነ ማንም አይጠየቅም፣ የሚጠየቀው ዕርዳታ ነው።

ልጆቹ ቀሪውን ዓመት በዳስ ተማሩ፣ ከፊሎቹ በፈረቃ ሆኑ። ሰኔ ሲገባ ዳሱም አላስቀመጠ፣ የታችኞቹ ክፍሎች ያለ ፈተና ተበተኑ።

ገንዘቡ የት ነው የገባ?

የመጀመሪያው አቤቱታ የቃል ነበር። በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነሳ፣ ቀበሌው "አቅጣጫ ተቀምጧል" አለ። ከዚያ ሽማግሌዎች ወረዳ ሄዱ። ወረዳ በአክብሮት ነው የተቀበላቸው፣ ሻይ ተጋበዙ፣ "ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው፣ ይታገሡን" ተባሉ። ሽማግሌ ደግሞ ሲያከብሩት ያፍራል። ደስ ብሏቸው ተመለሱ። በቃል የተባለ ነገር ሁሉ እንዲህ ነው የሚያልቀው፤ ያለው ሰው ነገ አላልሁም ቢል ምን ትለዋለህ?

ነገሩ የተለወጠው ደረሰኝ መሰብሰብ ሲጀመር ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ለተጨማሪ መማሪያ ክፍል ተብሎ ከየአባወራው መዋጮ ተሰብስቦ ነበር። አንዳንዱ የከፈለው ማዳበሪያ ሊወስድ ሲሄድ ነው፤ መዋጮውን ካልከፈልህ ማዳበሪያህን አታገኝም ተብሎ። ለአንዳንዱ ደረሰኝ ተቆርጦለታል፣ የአንዳንዱ በደብተር ተመዝግቦ ቀርቷል። የወተመህ ሰብሳቢው (ወተመህ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት ነው) አርሶ አደር ነው፣ ዕድሜው ገፍቷል፣ የማንበብ ነገር ብዙም አይሆንለትም። ግን ሐሳቡ የእሱ ነው። በእድር ቀን "ደረሰኝ ያላችሁ አምጡ" አለ። ሰው ደረሰኙን የሚያስቀምጠው የት መሰላችሁ? መሬት ይዞታ ደብተሩ ውስጥ። በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከግብር ወረቀቱ ጋር፣ አንዳንዱ ጢስ ጠግቦ ቢጫ የሆነ። ሰው ከቤቱ ውድ ከሚላት ወረቀት ጋር ነው ያኖረው፤ እንዲህ ያኖረው የሚጠይቅበት ቀን እንደሚመጣ ጠርጥሮ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ጠቀመን እንጂ። የእድሩ ጸሐፊ ተራ በተራ መዘገበ፣ ተደመረ።

ገንዘቡ ታዲያ የት ገባ? አልተበላም። ይህን በሐቅ መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም እኛም መጀመሪያ የጠረጠርነው መበላቱን ነበርና። የቀበሌ አዳራሽ ነው የተሠራበት። ቆንጆ አዳራሽ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ፕላስቲክ ወንበር የተደረደረበት። ቀበሌው "ለሌላ አንገብጋቢ የልማት ሥራ ውሏል" አለ። ማን ወሰነ? ቃለ ጉባዔ የለም። ለክፍል ብሎ የሰጠውን ሕዝብ ማን ጠየቀው? ማንም። ለእኔ ይህ ከሌብነት የሚከብድበት ጎን አለው፤ ሌባ ይያዛል፣ ይፈረድበታል። የሕዝብን ገንዘብ ሳይጠይቁ ወደ ፈለጉት ማዞር ግን ጥፋት መሆኑን እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። አዳራሹ ሲመረቅ ወረዳው መጥቶ አጨብጭቧል።

በጀት የለም፣ ግማሹ እውነት

ወረዳው ደግሞ "በጀት የለም" ነው ያለው። ይህ መልስ ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው የሚያስቸግር። ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ገንዘቡ በጥቅል ድጎማ መልክ ለወረዳ ይወርዳል፣ የወረዳ ምክር ቤት ያጸድቀዋል። የሚበዛው የሚሄደው ለደመወዝ ነው፦ ለመምህሩ፣ ለጤና ባለሙያው፣ ለግብርና ሠራተኛው። ለግንባታና ለጥገና የምትተርፈው ትንሽ ናት። ስለዚህ የወረዳ ኃላፊ "የለኝም" ሲልህ ዝም ብሎ ውሸታም ነው ማለት አይቻልም።

ትንሽ ማለት ግን ባዶ ማለት አይደለም። ወረዳዎች በጀታቸውን በትልቅ ወረቀት አትመው በአደባባይ እንዲለጥፉ የሚያደርግ አሠራር አለ፣ የፋይናንስ ግልጽነትና ተጠያቂነት የሚባለው። የእኛ ወረዳ ለጥፏል። የገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ኮሪደር ላይ፣ ፀሐይ የበላው ወረቀት፣ ግማሹን ቁም ሳጥን ጋርዶታል። ቁም ሳጥኑን ገፋ አድርገን አነበብነው። ለትምህርት ቤቶች ጥገና ተብሎ የተያዘ ገንዘብ ነበር። ቀድሞም ተይዞ ነበር፣ በዚያም ዓመት ተይዟል። በኋላ እንደገባን ያለፈው ዓመት ገንዘብ የዋለው ከተማው ዳር ባለ ትምህርት ቤት ላይ ነው፤ ግንቡ ቀለም ተቀብቷል፣ የብረት በር ተገጥሞለታል። ያ ትምህርት ቤት ከአስፋልቱ ላይ ይታያል። ከዞንም ከክልልም የሚመጣ እንግዳ የሚጎበኘው እሱን ነው። የእኛው ደግሞ መኪና ከቆመ በኋላ በእግር የሚደረስ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው "በጀት አለ ወይ" መሆኑ ቀረ። "ያለችውን ጥቂት ገንዘብ ግድግዳው ከሚወድቀው ትምህርት ቤት ይልቅ ለቀለም ያዋላት ማን ነው፣ የኢንስፔክሽን ሪፖርቱ ጠረጴዛው ላይ ሳለ?" ሆነ። እንዲህ ያለ ጥያቄ "ከአቅም በላይ ነው" ተብሎ አይመለስም።

መዝገብ ቤት

ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የጻፍነው ደብዳቤ አንድ ገጽ ነበር። ጉዳዩ ተባለ፣ የኢንስፔክሽኑ ሪፖርት የጻፈው ተጠቀሰ፣ የመዋጮው ድምር ተጻፈ፣ የጥገናው በጀት ለምን እንደዋለ በጽሑፍ እንዲገለጽልን ተጠየቀ። የመረጃ ነፃነትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካል በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ስለሚያዝ፣ እሱንም ጠቀስን። የወተመህና የእድሩ ማህተም አረፈበት፣ አባወራዎቹ ፈረሙ፣ መጻፍ የማይችሉት በጣታቸው። ከሥር ግልባጭ፦ ለወረዳው ምክር ቤት፣ ለዞን ትምህርት መምሪያ፣ ለእንባ ጠባቂ ተቋም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ።

ሙሉው ትግል ግን ደብዳቤውን መጻፉ ላይ አልነበረም፣ ማስገባቱ ላይ ነው። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ "አባቴ፣ ኃላፊው ሳይመሩበት አልቀበልም" አለች። ኃላፊው የሉም፣ ስብሰባ ናቸው። ሰብሳቢው ጋቢውን አስተካክሎ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። "ልጄ፣ እኔ መልስ አልጠየቅሁሽም። ወረቀት መጥቷል ብለሽ ጻፊልኝ ነው የምልሽ።" ልጅቷ ተቸገረች። ክፋት አልነበረባትም፣ ቁጥር ከሰጠችው ደብዳቤው መኖሩ ሊካድ እንደማይችል ታውቃለች፣ ነገ የሚጮኽባት ደግሞ አለቃዋ ነው። ባለጉዳይ ገባ ወጣ፣ ምሳ ሰዓት ደረሰ፣ ሰውየው አልተነቃነቀም። በመጨረሻ ማህተሟን አነሳችና ቀሪው ላይ "ገቢ" ብላ መታች፣ ቁጥርና ቀን ጻፈችበት። ያቺ ቀሪ ናት ከዚያ በኋላ ሁሉን ያንቀሳቀሰች።

ኃላፊው በኋላ አዋጁን አይቶ "ጠበቃ ይዛችኋል እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። አልያዝንም። የጽሑፍ መልስም በ30 ቀን ውስጥ አልሰጠም። ግን ግልባጩ ሥራውን ሠርቷል፤ ከባሕር ዳር ምንም ነገር ሳይመጣ፣ ዞኑም ገና ሳይጠይቅ፣ ወረዳው ራሱ ደውሎ "ለምን ወደ ላይ ትጽፋላችሁ፣ እኛው እንፈታዋለን" አለ። በጎጃም የወረዳ ሹም ሕዝቡን ያን ያህል አይፈራም፤ የሚፈራው የበላዩ "ይህ ምንድን ነው?" ብሎ ሲደውልለት ነው። አሳዛኝ ነው፣ ግን አሠራሩ ይህ ከሆነ በዚያው በኩል መግባት ነው።

የማን ልማት?

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ስብሰባ ተጠራ። የወረዳው ምክር ቤት አባላት፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣ የቀበሌው ሊቀመንበርና ሥራ አስኪያጁ መጡ። ቀበሌው አዳራሹ ውስጥ ይሁን አለ፣ ወላጆች እምቢ አሉ፤ የወደቀው ግድግዳ አጠገብ ሜዳ ላይ ሆነ። እንግዶቹም መሬት ላይ ተቀመጡ።

ሁለት ሰዓት ያህል እንደተለመደው ሄደ። አገራዊ ሁኔታ ተብራራ፣ የሕዝቡ ተሳትፎ ተመሰገነ። አንዲት አሮጊት እጃቸውን አወጡ። የልጅ ልጃቸው ሁለተኛ ክፍል ነው። "እኔ የፖለቲካውን አላውቅ። ስጡ ሲባል ሰጠሁ፣ በጌን ሸጬ ነው የሰጠሁ። ገንዘቡ የት ነው የገባ?" ሊቀመንበሩ "እማማ፣ ገንዘቡ አልጠፋም፣ ለልማት ነው የዋለ" አላቸው። "የማን ልማት?" አሉ። ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ቆመ። የምክር ቤቱ አባል፣ እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ የነበረው፣ ሊቀመንበሩን ቃለ ጉባዔ እንዲያሳይ ጠየቀው። ሊያሳይ አልቻለም።

ሦስት ነገር ተወሰነ፦ ወረዳው በበጀት ዝውውር ሲሚንቶና ቆርቆሮ እንዲያቀርብና ብሎኩ በድንጋይ መሠረት እንዲሠራ፣ የሴቶችና የወንዶች መጸዳጃ ተለይቶ እንዲቆፈር፣ የውኃ ቦኖ እንዲገባ። በእያንዳንዱ ሥር ኃላፊነት የወሰደው ሰው ማዕረግና ቀን ተጻፈ፣ ተፈረመ። አዳራሹ ደግሞ ብሎኩ እስኪያልቅ ድረስ የአንደኛ ክፍል መማሪያ እንዲሆን ተወሰነ። ቀበሌው ገንዘቡን መመለስ ስላልቻለ ቤቱን ሰጠ ማለት ነው። ልጆቹ ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ እግራቸው መሬት አይነካም ነበር።

የእድሩ ጸሐፊ የቃለ ጉባዔውን አንድ ቅጂ ወሰደ። በኛ አገር የቀበሌ ማስታወቂያ የሚነገረው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ገና ከቅጥሩ ሳይበተን ነው። ጸሐፊው በየወሩ እዚያ ቆሞ ቃለ ጉባዔውን አነበበ፤ ይህ ተፈጽሟል፣ ይህ አልተፈጸመም፣ ቀኑ ይህ ነበር። ስድብ የለ፣ ንግግር የለ። ሊቀመንበሩም ቅዳሴ ያስቀድማል፣ ቆሞ ይሰማል። ከሁሉም ዘዴ የበለጠ የሠራው ይህ ይመስለኛል፤ ከወረዳ ስልክ ሊያመልጥ ይችላል፣ ከጎረቤቱ ግን የት ይሄዳል?

ግንባታው በየካቲት ተጀመረ። በመጋቢት 2012 ኮሮና መጣና ትምህርት ቤቶች በአገር አቀፍ ደረጃ ተዘጉ። ለግንባታው ግን ጠቀመ፤ ልጆች ስላልነበሩ ሕዝቡ ድንጋይና አሸዋ አቀረበ፣ ግንበኛው ክረምት ሳይገባ መሠረቱን ጨረሰ። በ2013 ትምህርት ሲከፈት አራት ክፍል ነበረ። መጸዳጃውም ተቆፍሯል። ውኃው አልገባም።

ማዛወር

እስካሁን ያነበበ ሰው ጥሩ አለቀ ሊል ይችላል። ተጠያቂ የሆነ ሰው ግን አልነበረም። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በዚያው ወረዳ ወደ ሌላ ጽሕፈት ቤት ተዛወረ፣ በዚያው ደረጃ። ሊቀመንበሩ ተነሳ፣ ብዙም ሳይቆይ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ብቅ አለ። የመዋጮው ሒሳብ ኦዲት አልተደረገም። የምክር ቤቱ መዝገብ ላይ "ኃላፊው የደህንነት ማስጠንቀቂያ ደርሶት አልሠራም" የሚል አንድ መስመር አልተጻፈም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ ማንኛውም ኃላፊ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ይጠየቃል ይላል፤ ከወረቀቱ እስከ ወረዳው ያለው መንገድ ሩቅ ነው።

የተቀጣ አንድ ሰው አለ፦ ርዕሰ መምህሩ። የኢንስፔክሽን ሪፖርቱን ለወላጆች ስላሳየ "መዋቅሩን ሳይጠብቅ" በሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። አሁን በዚያ ስለሌለ ነው ይህን የምጽፍ።

ይህ ማዛወር የሚሉት ነገር የቆየ በሽታችን ነው፣ ጎጃም ደግሞ ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ1960 ዓ.ም. አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አንከፍልም ብሎ የሞጣና የብቸና ገበሬ ሲነሳ፣ በጃንሆይ ዘመን የትምህርት ግብር ጭምር ከመሬቱ ሲከፍል የኖረ ሕዝብ ነበር፤ ካነሳቸው ምሬቶች አንዱ አስተዳደሩ ነበር። ጦርም ተላከ፣ አውሮፕላንም ደበደበ፣ በመጨረሻ ግብሩ ቀረ፣ አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴም ከጎጃም ተነሱ። የት ሄዱ? ወደ ከፋ ተዛወሩ፣ እዚያም አገረ ገዢ ሆኑ። በ1966 የጅማ ሕዝብ በተራው ይውረዱልን ብሎ ተነሳባቸው። ጎጃም ተገላገለ፣ ከፋ ተቀበለ። የእኛም የትምህርት ኃላፊ ወደ ሌላ ጽሕፈት ቤት ሲሄድ፣ ያን ጽሕፈት ቤት የሚጠብቁ ሌሎች ገበሬዎች አሉ። አዲስ የመጣው ኃላፊ ደግሞ "እኔ አልነበርሁም፣ ጉዳዩን አላውቀውም" ይላል፣ እውነቱን ነው። ከዜሮ ትጀምራለህ።

ስለዚህ ከዚህ ጉዳይ የያዝሁት ኃላፊው ከመዛወሩ በፊት የርክክብ ሰነዱ ላይ ያልተፈጸሙት ነገሮች በስማቸው መጻፍ አለባቸው የሚል ነው። ምክር ቤቱም ሳይመዘግብ ማሰናበት የለበትም። በ2015 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር "ትምህርት ለትውልድ" ብሎ ሕዝቡ ትምህርት ቤቶችን እንዲያድስ ንቅናቄ ጀምሯል። መዋጮ ነው ማለት ነው። ሕዝቡ ለመስጠት እምቢ አይልም፣ ሲሰጥ የኖረ ነው። ግን ለክፍል የሰጠው ብር አዳራሽ ሆኖ ቢያገኘው የሚጠይቅበት ወንበር ከወዲሁ ይቀመጥለት።

ከዚያ ወዲህ

በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የሆነውን ሁሉም ያውቃል፤ በክልሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ቤት ውለዋል። የእኛው ትምህርት ቤት ብሎኩ ቆሟል፣ ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ የለም፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተዘግቶ ነው የከረመው። መምህራኑ ፈርተው ወጡ። ወላጅ ልጁን ቢልክ አንዱን ይፈራል፣ ባይልክ ሌላውን። ቀበሌ የሚባለው መዋቅርም እንደ ድሮው የለም፤ ግልባጭ የሚደርሰው፣ ስልክ የሚደወልለት ሰው ጠፋ። ያን ሁሉ ዘዴ ደግፎ ያቆመው የሚጠየቅ ሹም መኖሩ ነበርና።

በቅርቡ ነገር ትንሽ ረገብ ሲል የታችኞቹ ክፍሎች ተከፍተዋል፣ ጥቂት መምህራን ተመልሰዋል። የወተመህ ሰብሳቢው ያው ነው። ለአዲሱ የወረዳ ትምህርት ኃላፊ ደብዳቤ ጽፈዋል፦ በ2012ቱ ቃለ ጉባዔ ሦስተኛ ተራ ላይ ያለው የውኃ ቦኖ ከምን እንደደረሰ፣ ትምህርት ቤቱ በተዘጋባቸው ጊዜያት የተመደበለት ድጎማ የት እንዳለ፣ ለ4ኛ ክፍል የሚመደበው መምህር መቼ እንደሚመጣ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ አልተቀየረችም፣ በዚህ ጊዜ ሳትከራከር ቁጥር ሰጥታቸዋለች። መልስ አልመጣም፤ 30 ቀኑ ገና አልሞላም።